ሁለት የታገዱ ሽፋኖች፦ የአንድ ስፔናዊ ካርቱኒስት ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ይህ ጥናት ስለ አንድ የስፔን ጋዜጣ ካርቱኒስት ነው። ሰውየው በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በንጉሣውያኑ ላይ በሠራው ቀልድ ችግር ገጥሞታል። በ2007 ያገደው ዳኛ ነው። በ2014 ያገደው የገዛ አሳታሚው ነው። ሰውየው ያው፣ መጽሔቱም ያው፣ የተቀለደበትም ያው ቤተ መንግሥት ነው። የተለወጠው ከልካዩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ ከዳኛው ይልቅ የአሳታሚው እጅ ከብዶ አግኝቼዋለሁ። ምክንያቱን ታሪኩ ራሱ ያሳያል።

የሰዎችን ስም አልጠራም። የስፔንን ጋዜጦች የሚከታተል ሰው ሁለት አንቀጽ ሳይሄድ ማን እንደሆነ ይገባዋል፤ ለሌላው አንባቢ ግን የሚጠቅመው የሆነው ነገር ነው። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየውና ሥራው

የተወለደው በ1965 ማንሬሳ ውስጥ ነው። ማንሬሳ ከባርሴሎና በስተሰሜን ምዕራብ ያለች የካታሎኒያ ከተማ ናት። አምባገነኑ ፍራንኮ በ1975 ሲሞት ገና ልጅ ነበር። ስለዚህ ጋዜጣና መጽሔት ማገላበጥ የጀመረው ሳንሱሩ እየላላ በሄደበት ዘመን ነው።

ስሙ የተነሣው ኤል ኹዌቬስ በተባለ ሳምንታዊ የቀልድ መጽሔት ላይ ነው። መጽሔቱ በሜይ 1977 ባርሴሎና ውስጥ ተመሠረተ። ስሙ «ሐሙስ» ማለት ሆኖ ሳለ ገበያ ላይ ይውል የነበረው ረቡዕ ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው «ረቡዕ የሚወጣው መጽሔት» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ዘመኑ ግን ለቀልደኛ የሚመች አልነበረም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ውስጥ ኤል ፓፑስ በተባለ ሌላ የባርሴሎና የቀልድ መጽሔት ላይ የቦምብ ጥቃት ተፈጸመ። ቦምቡን የላኩት ቀኝ አክራሪዎች ነበሩ። የሕንፃው በር ጠባቂም ሞተ።

ካርቱኒስታችን እዚያ መጽሔት ላይ ከ1995 ጀምሮ አብረው የሚኖሩ የሁለት ወጣቶችን የቤት ውስጥ ኑሮ የሚያሳይ ተከታታይ ሥራ ነበረው። የኪራይ ነገር፣ የዘመድ ነገር፣ በኋላም የልጅ ነገር። ከአንድ ባልደረባው ጋር ደግሞ ሌላ ቋሚ ገጽ ነበራቸው። ለተወሰነ ጊዜም መጽሔቱን በዋና አዘጋጅነት መርቷል። በ2007 ፑብሊኮ የተባለ ዕለታዊ ጋዜጣ ሲቋቋም የፖለቲካ ካርቱን ይሠራለት ጀመር። ፑብሊኮ በፌብሩዋሪ 2012 የወረቀት ኅትመቱን አቆመ። በዚያው ዓመት ከዚያ ጋዜጣ የወጡ ጋዜጠኞች ኤልዲያሪዮ የተባለውን የኢንተርኔት ጋዜጣ ሲመሠርቱ እሱም አብሯቸው ሄደ።

ይህ የኋለኛው ጋዜጣ ለጉዳያችን ወሳኝ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። ጽሑፎቹ ለማንም ክፍት ናቸው። ገቢው ከማስታወቂያና በፈቃዳቸው ከሚከፍሉ አባላት ይመጣል። አብላጫው ድርሻም በራሳቸው በሠራተኞቹ እጅ ነው።

የመጀመሪያው እገዳ፦ ዳኛው

በጁላይ 2007 መጀመሪያ የስፔን መንግሥት ለሚወለድ ልጅ ሁሉ 2,500 ዩሮ እሰጣለሁ ብሎ አስታወቀ። ወሬው ትኩስ ነበር። ኤል ኹዌቬስ በጁላይ 18 እትሙ ሽፋን ላይ አልጋ ወራሹንና ባለቤቱን በመኝታ ላይ አወጣቸው። ልዑሉ ለሚስቱ ያስረገዝኩሽ እንደሆነ ይህ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ለሥራ የሚቀርበው ይሆናል ይላታል። ቃሉ የእኛ ሰው ነው፤ ሥዕሉ የባልደረባው።

ቀልዱ ጨዋ አልነበረም። ማንም ጨዋ ነው ብሎ አልተከራከረም። ነገር ግን ዒላማው መኝታው አልነበረም። አንደኛው ዒላማ ገንዘቡን ለደሃውም ለሀብታሙም እኩል የሚያድለው የመንግሥት ውሳኔ ነው። ሌላው የንጉሣውያን ቤተሰብ በቀን ተቀን ምን ይሠራል የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የምንለው ተረት በስፔን የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ግማሹ ሰፍሯል። የ1978ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሡ የማይደፈርና በኃላፊነት የማይጠየቅ ነው ይላል። የወንጀል ሕጉ ደግሞ በአንቀጽ 490 እና 491 ንጉሡን፣ ወራሹንና ቤተሰቡን የሚሰድብን ሰው ለይቶ ይቀጣል። ከባድ ከሆነ እስከ 2 ዓመት እስራት አለው። በሌላ በኩል ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ቅድመ ሳንሱርን ይከለክላል። የታተመ ነገርን መያዝ የሚቻለውም በዳኛ ትእዛዝ ብቻ ነው ይላል።

ትእዛዙም መጣ። ጁላይ 20፣ አርብ ዕለት፣ በዐቃቤ ሕግ ጥያቄ አንድ የብሔራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ እትሙ በመላ አገሪቱ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ፖሊሶች ኪዮስክ ለኪዮስክ እየዞሩ መጽሔቱን ለቀሙ። ትእዛዙ የማተሚያውን ቅርጽም፣ ማለትም ገጹ የሚታተምበትን ሰሌዳ፣ ይጨምር ነበር። መሠረቱ የ1882ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ያ ሕግ ሲወጣ የማተሚያውን ቅርጽ የያዘ ሰው በእርግጥ ጽሑፉን ይዞታል። በ2007 ግን ሽፋኑ ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። መጽሔቱም ከረቡዕ ጀምሮ እየተሸጠ ነበር።

ምን አደረጉ

አዘጋጆቹ አልተደበቁም። ጋዜጠኞችን ጠርተው መግለጫ ሰጡ። በቀጣዩ እትም ደግሞ ሽፋኑን «እናርማለን» የሚል ቃል ሰጡት። ልናወጣው የፈለግነው ይህንን ነበር ብለው ልዑሉን ንብ፣ ልዕልቷን አበባ አድርገው ሣሏቸው። ይህ በጣም ብልህ እርምጃ ይመስለኛል። ትእዛዙን አልጣሱም። ግን የትእዛዙን ነገር እንደገና በሁሉም ሰው አፍ ውስጥ አስገቡት።

ፍርዱ በኖቬምበር 2007 ተሰጠ። ሁለቱም ካርቱኒስቶች ጥፋተኛ ተባሉ። እስራት አልተፈረደባቸውም። ቅጣቱ የ10 ወር የቀን መቀጮ ነው፤ በቀን 10 ዩሮ ሲታሰብ ለእያንዳንዳቸው 3,000 ዩሮ ይሆናል።

ሽፋኑን ለማጥፋት የታሰበው ሥራ ግን ተቃራኒውን አመጣ። ስለ ስፔን አልጋ ወራሽ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ሥዕሉን አዩት። የውጭ አገር ጋዜጦች አወጡት። ከለቀማው ያመለጡ ቅጂዎች በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ከሽፋን ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ይጠየቅባቸው ጀመር። ዳኛው ለአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ማንም ከፍሎ የማያገኘውን ማስታወቂያ በነጻ ሠራለት።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ኺሮና ከተማ ውስጥ ሁለት ሰዎች የንጉሡንና የንግሥቲቱን ፎቶግራፍ አቃጠሉ። እነሱም ዘውዱን በመሳደብ ተፈረደባቸው። ጉዳያቸው በስፔን ፍርድ ቤቶች አልፎ እስከ ስትራስቡርግ ደረሰ። በማርች 2018 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ስፔን ሐሳብን የመግለጽ መብታቸውን ጥሳለች ብሎ ፈረደላቸው። ዐሥር ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጅቷል። ቢሆንም መንገዱ ነበረ። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ።

ሁለተኛው እገዳ፦ አሳታሚው

በ2006 ኤል ኹዌቬስ በአንድ ትልቅ አሳታሚ ኩባንያ እጅ ገብቶ ነበር። በ2007ቱ ጉዳይ ጊዜ ኩባንያው ከመጽሔቱ ጎን ቆሟል። ስለዚህ በ2014 የሆነው ብዙዎችን አስደነገጠ።

ሰኞ ጁን 2 ቀን 2014 ንጉሡ ዙፋኑን ለልጃቸው እንደሚለቁ ተነገረ። ለሳምንታዊ የቀልድ መጽሔት ከዚህ የበለጠ ዜና የለም። የእኛ ሰው ሽፋኑን ሠራ። ንጉሡ ቆሻሻ የሞላበትና የሚሸት ዘውድ በልጃቸው ራስ ላይ ሲያኖሩ የሚያሳይ ነው። ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ቤተ መንግሥቱ የንጉሡ አማች በተከሰሰበት የሙስና ጉዳይና ንጉሡ ራሳቸው ቦትስዋና ዝሆን ለማደን በሄዱበት ጉዞ ስሙ ጎድፎ ነበር።

ኅትመቱ ተጀመረ። 60,000 ያህል ቅጂ ታትሞ ነበር። ከዚያ ከኩባንያው በኩል ትእዛዝ መጣ፤ ሽፋኑ ይነሣ፣ የታተመውም ይወገድ ተባለ። በምትኩ ከአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ 5 መቀመጫ ይዞ የወጣውን የአዲሱን ፓርቲ መሪ የሚያሳይ ሽፋን ተደረገ። መጽሔቱ ረቡዕ መውጣቱ ቀርቶ ሐሙስ ወጣ። በታሪኩ ስሙን ያከበረው በዚህ መንገድ መሆኑ ያሳዝናል፣ ያስቃልም።

ያኔ ሁሉም ሰው የጠየቀው «ማን ደወለ?» ብሎ ነው። ከቤተ መንግሥት ነው? ከመንግሥት ነው? እኔ ይህ ጥያቄ ዋናውን ነገር የሚሸፍን ይመስለኛል። ማንም ባይደውልም ኩባንያው ይህን ማድረግ ይችል ነበር። ንብረቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከሳንሱር የሚጠብቅህ ከመንግሥት ነው እንጂ ከባለቤቱ አይደለም።

እስቲ ሁለቱን እናስተያይ። የ2007ቱ እገዳ ቀን አለው፣ የዳኛ ፊርማ አለው፣ የተጠቀሰ አንቀጽ አለው። ተከራክረህ ይግባኝ ትላለህ፤ ሲብስም ስትራስቡርግ ትሄዳለህ። የ2014ቱ ምንም የለውም። የሚከሰስ ሰው የለም፣ የሚሻር ውሳኔ የለም። የታገደው ነገር ገበያ ላይ ስላልዋለ ፖሊስ የሚለቅመው እንኳ አልነበረም። ሥዕሉ ሾልኮ ባይወጣ ኖሮ አንባቢው አንድ ቀን የዘገየ መጽሔት ገዝቶ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር።

መልቀቅ

ካርቱኒስቱ ለቀቀ። የረጅም ጊዜ ባልደረባው አብሮት ለቀቀ። በቀናት ውስጥ ከዐሥር በላይ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ተከተሏቸው። ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዶቹ ለዚያ መጽሔት ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ሠርተዋል፤ የወር ገቢያቸውም እሱ ነበር።

በስፔን ለጋዜጠኞች የኅሊና አንቀጽ የሚባል ነገር አለ። በ1997 በሕግ ወጥቷል። የምትሠራበት ተቋም አቋሙን በጣም ከለወጠ ካሣ ተቀብለህ መልቀቅ ትችላለህ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን የሚረዳህ ለመውጣት ነው። ሽፋኑን አያሳትምልህም።

ከወጡት መካከል አምስቱ ሌላ ነገር አሰቡ። ኦርጉዮ ኢ ሳቲስፋክሲዮን የሚል የዲጂታል መጽሔት አቋቋሙ፤ «ኩራትና እርካታ» እንደማለት ነው። ንጉሡ በንግግራቸው ይደጋግሙታል ተብሎ አገሩ ሁሉ የሚቀልድበት ሐረግ ነው። የመጀመሪያው እትም ጁን 18 ወጣ። አዲሱ ንጉሥ በይፋ የነገሡት በማግሥቱ ጁን 19 ነው። ዋጋው ገዢው የፈለገውን ያህል ሆኖ ትንሹ 1.50 ዩሮ ነበር። ወረቀት የለም፣ ማተሚያ ቤት የለም፣ አከፋፋይ የለም። ፋይሉን ታወርዳለህ፣ ታነባለህ። እትሙ በሙሉ ስለ ዙፋኑ ነበር። የተከለከለው ርዕስ ከነሙሉ ቤተሰቡ ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መጽሔቱ በየወሩ እየወጣ እስከ ዲሴምበር 2017 ቆየ። ከዚያ ተዘጋ።

የሠራውና ያልሠራው

ፍጥነቱ ሠርቷል። ከለቀቁበት ቀን እስከ መጀመሪያው እትም ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ንዴቱ ሳይበርድ፣ ዜናውም ሳያልፍ ደረሱ። ሦስት ወር ቢያቅዱ ኖሮ አዲሱ ንጉሥ ተለምደው፣ ሰውም የራሱን ጉዳይ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር።

በቡድን መውጣቱም ሠርቷል። አንድ ሠዓሊ ብቻውን ቢለቅ «ተጣላ» ይባላል፣ ወሬው ሁለት ቀን አይቆይም። ከዐሥር በላይ ሲሆኑ ግን መጽሔቱ ውስጥ ባዶ ገጽ ይታያል።

ያልሠራው የገንዘቡ ነገር ነው። ለመጀመሪያው እትም 1.50 ዩሮ የከፈለ ሰው የከፈለው ለመጽሔቱ ብቻ አይደለም፤ ለተቃውሞውም ነው። ተቃውሞ ደግሞ በየወሩ አይሸጥም። ከስድስት ወር በኋላ አንባቢው የሚጠይቀው «ጥሩ መጽሔት ነው ወይ?» ብሎ ነው። ጥሩ ነበር። ነገር ግን አምስት ሠዓሊዎች አዘጋጅም፣ አሳታሚም፣ ሻጭም ሆነው በየወሩ በርካታ ገጽ መሙላት ነበረባቸው። ሦስት ዓመት ተኩል መቆየቱን እኔ እንደ ውድቀት አላየውም። ኤል ኹዌቬስን የተካ ነገር ግን አልሆነም። የቀድሞው መጽሔት ባለቤቱንም ይዞ ቀጠለ።

ሌላው ያልሠራው ብዙም የማይነገር ነው። የ2007ቱ ቅጣት 3,000 ዩሮ ብቻ ነው ተብሎ እንደ ቀላል ሲወራ እሰማለሁ። ለአንድ ታዋቂ ሠዓሊ ቀላል ሊሆን ይችላል። በትንሽ ከተማ ጋዜጣ ላይ በገጽ እየተከፈለው ለሚሠራ ጀማሪ ግን የወራት ገቢ ነው። ያ ልጅ ቀጣዩን ሐሳብ ከእርሳሱ በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ይሰርዘዋል። እንዲህ ያለውን እገዳ ማንም አይቆጥረውም፣ ኢንተርኔት ላይም ሾልኮ አይወጣም።

ለሌላ ዝግጅት ክፍል የሚሆን

የመጀመሪያው ትምህርት ለእኔ የኑሮ ነው። ይህ ሰው መልቀቅ የቻለው ደፋር ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ሌላ እግር ነበረው። በ2014 ኤልዲያሪዮ ላይ ካርቱኑ እየወጣ ነበር፤ ያ ጋዜጣ ደግሞ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚያወርድ ትልቅ ባለቤት አልነበረበትም። ፑብሊኮ በ2012 ወረቀቱን ሲዘጋ አንድ ቦታ ብቻ መደገፍ ምን እንደሆነ ሳያሳየው አልቀረም። የኅሊና ነጻነት በአብዛኛው የሚጀምረው ከሁለተኛው ደሞዝ ነው። ይህን ስል ሮማንቲክ አይመስልም፤ ግን እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ስለ ቀልዱ ዓይነት ነው። ከሁለቱ ሽፋኖች የትኛው ይሻላል ቢሉኝ የ2014ቱን እመርጣለሁ። የሚሸተው ዘውድ ያለ አንድ ቃል ይናገራል፤ ሰው ሳይሆን ሥልጣን ላይ ያነጣጥራል። የ2007ቱ ግን መኝታው ዓይንን ስለሚይዝ የ2,500 ዩሮው ነገር ተረሳ። ዐቃቤ ሕጉም ያተኮረው መኝታው ላይ ነው። ዒላማው ከሥዕሉ ውጭ በተጻፈ ቃል ውስጥ ብቻ ከቀረ ተከራካሪህ ቃሉን ትቶ ሥዕሉን ይዞ ፍርድ ቤት ይገባል። ይህ ማለት የመጀመሪያው መታገድ ነበረበት ማለት አይደለም፤ በፍጹም። የአርታዒ ወንበር ላይ ብቀመጥ ግን ቀልዱን ሳይሆን ሥዕሉን እንደገና እንዲያስቡበት እጠይቅ ነበር። ሰውየው ራሱ በ2013 ስለ ቀልድ ወሰን በካርቱን መልክ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አውጥቷል። ስለዚህ ሳያስብ የሚሠራ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው የውል ነገር ነው። የስፔኑ መጽሔት ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሽፋኑን የሚወስነው ዝግጅት ክፍሉ ነው ብሎ ኖረ። ልማድ ነበር፣ ሲከበርም ኖሯል። ባለቤቱ የተለየ ነገር የፈለገበት ቀን ሲመጣ ግን ልማዱ አንድ ሌሊት እንኳ አልዘለቀም። ስለዚህ ካርቱን የሚያወጣ ማንኛውም ጋዜጣ ወይም ድረ ገጽ እነዚህን ነገሮች ነገሩ ቀዝቃዛ ሳለ በጽሑፍ ቢያሰፍራቸው ይበጃል፦ የመጨረሻውን ቃል ማን ይናገራል? ባለቤቱ አንድን ሥራ ካስነሣ ምክንያቱን ለማን፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ይገልጻል? የተነሣው ሥራ ባለመብት ማነው፣ ሠዓሊው ሌላ ቦታ ሊያወጣው ይችላል ወይ? ክፍያውስ?

ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ አስገቡ ብባል የመብቱን ነገር አስገባለሁ። ባለቤት አላትምም ማለት ይችላል፤ ያንን ብዙ ጊዜ ማስቀረት አይቻልም። ሠዓሊው ግን በማግሥቱ ሥራውን ይዞ ሌላ በር ማንኳኳት ከቻለ እገዳው ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።